የተቆራጭ ወረቀት፦ ምጽዋ ላይ የጠፋ ባሕረኛና የሰባት ቤት ቆጠራ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

ቤተሰቦች የዘር ሐረጋቸውን በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ አግዛለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሥራው የሽማግሌ ቃል መቀበልና ማመሳከር ነው። ይህኛው ግን ሁለት ፍለጋ በአንድ ላይ ነበር። አንደኛው በአባት ወገን ሰባት ቤት መቁጠር ነው። ሁለተኛው በጦርነት የጠፋ የባሕር ኃይል አባል መጨረሻው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። ቤተሰቡ ሁለቱን ለየብቻ ሲፈልግ ኖሮ አንዱም አልተሳካለትም። መንገድ የተገኘው ሁለቱ አንድ ላይ ሲፈለጉ ነው።

ጽሑፉ እንዲወጣ ቤተሰቡ ፈቅዷል። የማንንም ስም አልጠቅስም። ሰውን ለይተው የሚያሳውቁ ዝርዝሮችንም ትቻለሁ።

ዳራ

ባሕረኛው የመንዝ ልጅ ነው። በ1962 ዓ.ም. ዕድሜው 18 ገደማ ሳለ ባሕር ኃይል ተቀጠረ። በ1967 አገባ። ጦርነቱ ሲብስ ሚስቱንና ልጆቹን አዲስ አበባ አስቀምጦ እሱ ምጽዋ ቀረ። ሙያው የማሽን ክፍል ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው የተጻፈው በጥር 1982 ነው። ልጆቹ ትምህርት እንዳያቋርጡ ይመክራል፤ ለፋሲካ ፈቃድ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

የዘመኑን ሁኔታ ለማያስታውስ አንባቢ ትንሽ ልበል። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ዋናው ሰፈሩ ምጽዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አስመራ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኖርዌይ መኮንኖች ያሠለጥኑ ነበር። ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣች ናት። ከአብዮቱ በኋላ መርከቡም ሥልጠናውም ወደ ሶቭየት ኅብረት ዞረ።

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ «ፈንቅል» ባለው ዘመቻ ምጽዋን ማጥቃት ጀመረ። በ3 ቀን ውስጥ አብዛኛው ከተማ ተያዘ። ጥዋለት ደሴት ላይ የተከበበው ጦር ደግሞ ሳምንት ገደማ ተዋጋ። የተረፉት መርከቦች በዳህላክና በአሰብ በኩል ቆዩ። በግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ብዙዎቹ ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ፤ «ኢትዮጵያ»ም ከእነሱ ጋር ነበረች። ያ ሠራዊት ተበተነ። ኤርትራ ራሷን የቻለች አገር ሆነች። ከ1990 በኋላ ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል ስልክ እንኳ ተቋረጠ። ባሕረኛ የጠፋበት ቤተሰብ የሚጠይቀው ክፍልም፣ የሚሄድበት ሰፈርም አልነበረውም።

ችግሩ

በ2010 መጨረሻ ለባሕረኛው የልጅ ልጅ ሽማግሌ ተላከ። ሊያገባት የጠየቀው ልጅ ቤተሰቦች የዘር መሠረታቸው ከዚያው ከመንዝ ነው። ስለዚህ ሰባት ቤት መቆጠር ነበረበት። በሕጉ በኩል ችግር የለም፤ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጎን ዝምድና የሚከለክለው እህትና ወንድምን፣ አጎትና አክስትን ነው። ሁለቱም ቤተሰቦች ግን ቆጠራው ካልተሟላ ሠርግ የለም አሉ። አቋማቸውን አከብራለሁ።

በእናት ወገን ቆጠራው ችግር አልነበረውም። በባሕረኛው በኩል ግን ከአያቱ ስም በላይ የሚያውቅ ጠፋ። አባት ሲጠፋ አብሮት የጠፋው አገሩ ነበር። ሚስቱ መንዝን ረግጠውት አያውቁም። ባሌ ወስዶ ያስተዋውቀኛል ብለው ያስቡ ነበር፤ ከመንዝ ዘመዶቹ ጋር ግን ሳይተዋወቁ ቀሩ።

ሌላው ነገር ተዝካር ነው። እናትየው፣ ማለትም የባሕረኛው ሚስት፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ተዝካር አላወጡም። «ልጄ፣ ሞተ ያለኝ ሰው የለም። ማንም መርዶ አላረዳኝም። በምን አፌ ነው ሞተ የምለው?» አሉኝ። ልጆቹ በዚህ ተከፋፍለዋል። አንዱ ወገን እናታችን ሳያልፉ እንጨርሰው ይላል። ሌላው ወገን እናታችን ትክክል ናቸው ይላል።

ከዚህ በፊት የተሞከረው

ፍለጋው ከዜሮ አልተጀመረም። በቤቱ ውስጥ ሦስት ነገሮች ተሞክረው ነበር።

አንድ የቅርብ ዘመድ ፎቶውን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አውጥቶ ነበር። ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ደብዳቤው ላይ ያለውን 82 እንደ ፈረንጅ ዓመት ወሰደው። ኢንተርኔት ላይ 1982 እና ኤርትራ ብሎ ሲፈልግ የቀይ ኮከብ ዘመቻን አገኘ። በእርግጥ የቀይ ኮከብ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ በእኛ ግን 1974 ማለት ነው። ማስታወቂያው «በቀይ ኮከብ ዘመቻ የጠፋ» ተብሎ ወጣ። መልስ የሰጡት ናቅፋ ግንባር የነበሩ እግረኞች ናቸው። ቅን ሰዎች ናቸው፤ የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩ። የሚያውቁት ግን ሌላ ጦርነት ነበር።

ሴት ልጁ ደግሞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት አመልክታ ነበር። በስም ተፈልጎ የለም ተባለች። ቁጥር የጠየቃትም፣ ቁጥር እንደሚያስፈልግ የነገራትም አልነበረም።

በቀይ መስቀል የጠፉ ቤተሰቦች ፍለጋ በኩልም ፎርም ተሞልቷል። አገልግሎቱ ነፃ ነው፤ ምስጢርም ይጠብቃል። በፎርሙ ላይ የነበረው ግን ስም፣ ከነአባት ስም፣ «ምጽዋ» እና «1982» ብቻ ነው። በዚህ ብቻ ሰው ማግኘት ለማንም ከባድ ነው።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሁሉንም ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ማውጣት

እናትየው ዘንድ ያለው ሁሉ እንዲወጣ ለመንኩ። አስፈላጊ የሚመስለው ብቻ ሳይሆን ሁሉም። ደብዳቤዎች፣ ፎቶዎች፣ የልጆች የክርስትና ወረቀት፣ የድሮ ደረሰኝ ሁሉ ወጣ። እያንዳንዱን ከፊትም ከኋላም በስልክ ፎቶ አነሳነው።

አንዱ ፎቶ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሶ የመርከብ አጥር ተደግፎ የቆመበት ነው። ከኋላው የተንጠለጠለ የነፍስ አድን ቀለበት አለ፤ የመርከቧ ስም ግማሹ በትከሻው ተሸፍኗል። የቀሩት ፊደላት «ኢትዮጵያ» መሆኗን ለመለየት ይበቃሉ። ከፎቶው ጀርባ የፎቶ ቤት ማኅተም አለ። በእርሳስ ደግሞ «የኮርስ ጓደኞች ማስታወሻ» የሚል ጽሑፍና ዓመቱ ይታያል። ቤተሰቡ ይህን ፎቶ በመስታወት አስገብቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ነበር። ጀርባውን ለብዙ ዓመት ያየው የለም።

ዋናው ግኝት የተቆራጭ ወረቀቷ ናት። ተቆራጭ ማለት ወታደሩ ከደመወዙ ላይ ለቤተሰቡ በየወሩ እንዲከፈል የሚያስቆርጠው ገንዘብ ነው። ወረቀቷ አራት ላይ ታጥፋ የጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነበረች። በታይፕ የተመታች ናት፤ እጥፋቱ ላይ ፊደሎቹ ተበልተዋል። ከላይ የመለያ ቁጥሩ፣ ማዕረጉና ክፍሉ ተጽፏል። ከሥር ደግሞ እስከዚያ ጊዜ ለእናቱ ይከፈል የነበረው ተቆራጭ ከሰኔ 1967 ጀምሮ ለባለቤቱ እንዲከፈል ያዛል። የእናቱ ስም ከነአባታቸው ተጽፏል። አድራሻቸውም አለ፦ መንዝና ግሼ አውራጃ፣ ከነአጥቢያቸው።

ሁለቱን ፍለጋ ያገናኘችው ይህች ወረቀት ናት። የላይኛው ግማሽ ወደ ባሕር ኃይል ይወስዳል፤ የታችኛው ወደ መንዝ።

በመርከብና በሙያ መጠየቅ

ማስታወቂያው እንደገና ተጻፈ። «ይህን ሰው የምታውቁ» ማለት ቀረ። በምትኩ የተቀጠረበት ዓመት፣ መጀመሪያ ያገለገለበት መርከብ፣ በኋላ የተመደበበት የጥበቃ ጀልባ፣ ማሽን ክፍል መሆኑ፣ ማዕረጉና ከነአያት ስሙ ተጻፈ። ዓመቶቹ በሁለቱም አቆጣጠር ተቀመጡ። የመለያ ቁጥሩ ሆን ተብሎ አልወጣም፤ ማጣሪያ እንዲሆን እኛ ጋ ቀረ። የቀድሞ ባልደረቦች በሚገናኙባቸው የፌስቡክና የቴሌግራም ገጾች ተለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ስልክ ላይ ስለማይጽፉ ሴት ልጁ አንዳንዶቹን ቤታቸው ድረስ ሄዳ አነጋገረች።

ለባሕረኛ መርከቡ መንደሩ ናት። ስም ሲጠራላቸው ዝም ያሉ ሰዎች «የእንትን ጀልባ ማሽን ክፍል» ሲባሉ ወዲያው ሰው መዘርዘር ጀመሩ። እሱን የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቅ ሰው ያውቃል።

የተነገረውን በደረጃ መለየት

የሚመጣውን መረጃ ሁሉ ሦስት ቦታ ከፈልነው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ካየ ሰው ሰምቻለሁ፣ እንዲህ ይመስለኛል። ይህ ቀላል ይመስላል። የቤተሰቡን ልብ ያዳነው ግን እሱ ነው።

ምክንያቱም መጀመሪያ የመጣው ወሬ «የመን ገብቷል» የሚል ነበር። አንድ ሰው በ1983 ከአሰብ በወጣ መርከብ ላይ አብረውት እንደነበሩ ተናገሩ። ቤቱ ተናወጠ። ሴት ልጁ ሌሊቱን አልተኛችም። ደውለን ስንጠይቅ ስሙም የአባቱም ስም አንድ ነው፤ የአያት ስሙና ሙያው ግን ይለያል። ያ ሰው ሬዲዮ ክፍል ነበር። ለእናትየው የነገርናቸው ከተጣራ በኋላ ነው፤ በዚህ ውሳኔ ዛሬም እስማማለሁ።

ሁለተኛው ምስክር የማሽን ክፍል ባልደረባው ነበሩ። የመለያ ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዞች ሳንነግራቸው ተናገሩ። አብረው ስለተቀጠሩ የሁለቱ ቁጥር ተከታታይ ነው። የካቲት 2 ከሰዓት በኋላ በባሕር ኃይሉ ሰፈር ውስጥ በዓይናቸው አይተውታል። ጀልባቸው ጥገና ላይ ስለነበረች እነሱም እንደ እግረኛ መሣሪያ ይዘው ተመድበው ነበር። ከዚያ በኋላ ተለያዩ።

ሦስተኛው የተማረኩ ናቸው። ከተማረኩት የማሽን ክፍል ሰዎች መካከል እሱን አላየሁም አሉ። አራተኛው ሰው ወደ ጥዋለት ተሻግሯል ሲባል ሰምቻለሁ አሉ። ይህን «ካየ ሰው ሰምቻለሁ» ከሚለው በላይ አላስቀመጥነውም።

መንዝ ላይ፦ በአያት ስም መግባት

ሴት ልጁ፣ ወንድሟና እኔ ወደ መሐል ሜዳ ሄድን። በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ሲያልቅ ካህኑን አነጋገርን። የባሕረኛውን የመዝገብ ስም የሚያውቅ አልነበረም። አገሩ የሚያውቀው በቤት ስሙ ኖሯል። ተቆራጩ ላይ ያለው የእናቱ ስም ሲጠራ ግን አንዲት አሮጊት ቀና አሉ። «የእሷ ልጅ? ባሕር የገባው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው መፈለግ አላስፈለገንም፤ ሰዎቹ ራሳቸው መጡ።

ሐረጉን የነገሩን የባሕረኛው አባት የአጎት ልጅ ናቸው። ሴት ልጁን «የወንድሜ ልጅ» እያሉ አጠገባቸው አስቀመጧት። እኚህ አዛውንት ከ1967 በፊት በርስት ክርክር ችሎት የቆሙ ናቸው። ርስት የሚገኘው ያቀናው አባት ድረስ ቆጥሮ ነበርና ሐረጉን በቃላቸው ያውቁታል። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ወጣቱ ሐረግ ለመያዝ የነበረው ትልቁ ምክንያት ቀረ። በዚያው መንደር ከእሳቸው 20 ዓመት የሚያንሱ ሰዎች አራት ትውልድ ላይ ይቆማሉ።

አዛውንቱ የችሎት ግልባጭም ነበራቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ገጠመን። ግልባጩና የቃል ቆጠራው አንድ ቦታ ላይ አልገጠሙም። በቃል የወንድ ስም ያለበት ላይ ወረቀቱ የሴት ስም አለው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለነበር ተከራካሪው ወደ ርስቱ የሚያደርሰውን ሐረግ ነው የሚቆጥረው። ስንጠይቅ ሁለቱ ባልና ሚስት ናቸው። ወረቀቱ ከዚያ በላይ በሚስቲቱ ወገን ይሄዳል፤ አዛውንቱ በባልየው። ሁለቱም እውነት ነው። የርስት ግልባጭን እንደ ቀጥተኛ የአባት መስመር የሚገለብጥ ሰው ግን ሳያውቅ የሌላ ሰው አያቶች ይዞ ይመለሳል።

ያልሠራው

በሐምሌ 2010 የአስመራ በረራ ሲጀመር ቤተሰቡ ትልቅ ተስፋ አድርጎ ነበር። ወንድምየው ምጽዋ ድረስ ሄደ። ከተማዋ እንዴት እንደተቀመጠች፣ ጥዋለት ከየብሱ ጋር በምን መንገድ እንደተያያዘች አየ። የምስክሮቹ ቃል ስንሰማ ይህ ጠቅሞናል። የቀድሞው ሰፈር ግን ወታደራዊ ቦታ ስለሆነ አልገባም። የቀብር ቦታ የሚያሳይም አላገኘም። ለእናቱ ከባሕሩ ዳር አፈር ይዞ መጣ። እሳቸው ተቀበሉት፤ «ይህ ግን መርዶ አይደለም» አሉ።

የቀይ መስቀሉ ፎርም በተሟላ መረጃ ታድሷል። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም። ወደ መሥሪያ ቤቱ በመለያ ቁጥር የቀረበው ማመልከቻም ውጤት አላመጣም። ጋዜጣ ላይ መፈለግም አልረዳንም። የዚያ ዘመን ጋዜጣ የጠፉ ባሕረኞችን ስም ዝርዝር አያወጣም።

የተገኘው ውጤት

የልጅቱ ቆጠራ በባሕረኛው በኩል እስከ ሰባት ደረሰ። እስከ ስድስተኛው ያለው በሁለት ምንጭ የተረጋገጠ ነው። ሰባተኛው በአዛውንቱ ቃል ብቻ የቆመ ነው፤ በጽሑፉ ላይም እንዲሁ ተብሎ ተመዝግቧል። ከልጁ ወገን ቆጠራ ጋር አልተገናኘም። ሠርጉ ተደረገ። ከመንዝ የመጡት ዘመዶች የአባት ወገን ሆነው ተቀመጡ።

ስለ ባሕረኛው በእርግጠኝነት የሚባለው ይህ ነው። የካቲት 2 ቀን 1982 ከሰዓት በኋላ በሕይወት ነበር። ከማሽን ክፍል ምርኮኞች መካከል አልታየም። ሲሞት ያየ ሰው አልተገኘም። ቤተሰቡ ከዚህ በላይ አንድ ቃል እንዳይጨምር ተስማምቷል።

በወረቀት በኩል የፍትሐ ብሔር ሕጉ መውጫ አለው። አንቀጽ 154 ሰው ጠፍቶ ለሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ሰው መጥፋቱ እንዲወሰንለት ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይደነግጋል። ልጆቹ በዚህ መንገድ ሄዱ። እናትየው የተስማሙት ውሳኔው «ጠፍቷል» ስለሚል ነው። ተዝካሩ ግን ገና አልወጣም። ልጆቹም መግፋቱን ትተዋል።

ለሌላ ፈላጊ የሚሆነው

በቤት ያለ ወረቀት ጀርባው ይታይ። በመስታወት ያለ ፎቶ ይውጣ። የደመወዝ፣ የተቆራጭ፣ የሕክምና፣ የፈቃድ ወረቀት ከሁሉ በላይ ይጠቅማል፤ ቁጥርና ክፍል የሚገኘው እዚያ ነው።

ወታደር በስም ብቻ አይፈለግም። ክፍሉ፣ ሙያው፣ የተቀጠረበት ዓመትና ከነአያት ስሙ ይቅደም። ከመረጃው አንዱን ደብቃችሁ ያዙ። ሳትነግሩት እሱን የሚናገር ምስክር በእርግጥ ያውቀዋል።

እያንዳንዱ ዓመት ላይ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍ። በ1974 እና በ1982 መካከል የሌላ ሰው ጦርነት አለ።

የአባት ወገን ሲዘጋ በሴቶቹ በኩል ሞክሩ። መንደር የቤት ስምንና የእናትን ስም ከመዝገብ ስም በላይ ያስታውሳል። ሐረግ ለማግኘት ደግሞ ከ1967 በፊት ርስት የተከራከረ ሰው ፈልጉ። ጊዜው አጭር ነው፤ የእኛ አዛውንት ጆሯቸው እየደከመ ነበር።

ለአረጋውያን ያልተጣራ ወሬ አይነገር። የተጣራው ግን አይደበቅ። እናትየው የባልደረባውን ምስክርነት ከራሱ ከሰውየው አፍ መስማት ፈልገው በስልክ አገናኘናቸው። ለረጅም ጊዜ አወሩ። ሰውየው አሁንም እየደወሉ ይጠይቋቸዋል፤ በዚያን ቀን አብሮ ነበር የሚባል ሌላ ሰው አሰብ ውስጥ ይኖር እንደነበርም ነግረዋቸዋል። ሴት ልጁ አሁን የምትፈልገው እሱን ነው።